የርጭት ድሮን አብራሪ ሥራውን በጥንቃቄ እንዴት ያከናውናል?

ሰብል ላይ ኬሚካል የሚረጭ፣ 40 ሊትር የሚይዝ ድሮን ታንኩ ሞልቶ ሲነሳ ክብደቱ 90 ኪሎ ግራም ገደማ ሊደርስ ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ከነኬሚካሉ ቢወድቅ የሚያደርሰውን ጉዳት መገመት አይከብድም። ያም ሆኖ የዚህ ሙያ ትልቁ ክፍል የሚሠራው ድሮኑ ገና መሬት ላይ እያለ ነው። በብዙ አገሮች የበረራ ፈቃድና የጸረ-ተባይ ርጭት ፈቃድ ለየብቻ የሚጠየቁትም ማብረር ብቻውን ስለማይበቃ ነው።

ማሳውን በእግር ይዙሩ። ይህን የሚያደርጉት ድሮኑን ከመኪና ከማውረድዎ በፊት ነው። ሽቦ ከሩቅ ስለማይታይ የሚፈልጉት ምሰሶ ይሁን፤ ምሰሶ ካለ ሽቦ አለ። የድሮኑ ራዳር ቀጭን ሽቦ ሊያመልጠው ይችላልና በእርሱ ብቻ አይመኩ። ቤት፣ ኩሬ፣ የንብ ቀፎና የጎረቤት ሰብል ያሉበትን ቦታ ካርታው ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ባለ ቀፎውንም ቀደም ብለው ያሳውቁ። ግንኙነት ሲቋረጥ ድሮኑ የሚመለስበትን ከፍታ ከረጅሙ ዛፍ በላይ ያስተካክሉ።

ኬሚካሉን ሲያዘጋጁ ይጠንቀቁ። በትራክተር ሲረጭ ለአንድ ሄክታር ከ100 እስከ 200 ሊትር ውኃ መጠቀም የተለመደ ነው። ድሮን ብዙ ጊዜ የሚበቃው ከ10 እስከ 30 ሊትር ነው። የኬሚካሉ መጠን ሳይቀንስ ውኃው ብቻ ስለሚቀንስ ድብልቁ አሥር እጥፍ ያህል ሊጠነክር ይችላል። ስለዚህ ከሁሉም ይበልጥ ለአደጋ የሚጋለጠው ኬሚካሉን ቀድቶ ታንኩን የሚሞላው ሰው ነው። ኬሚካል የማያስገባ ጓንት፣ የፊት መከላከያ፣ ቱታና ቦት ያስፈልጉታል፤ ፍንጣሪ ወደ ውስጥ እንዳይወርድ ሱሪው ከቦቱ ውጭ ይዋል። በማሸጊያው ላይ ያለው መመሪያ ከአየር መርጨትን ካልፈቀደ ሥራው እዚያው ያበቃል።

ነፋሱን ይለኩ። በሰዓት ከ3 እስከ 15 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ፣ አቅጣጫውን የማይቀያይር ነፋስ ለርጭት ይመቻል። ኃይለኛ ነፋስ እንደማይበጅ ማንም ያውቃል፤ ጀማሪን የሚያታልለው ጸጥ ያለው ማለዳ ነው። ሰማዩ ጠርቶ ባደረበት ሌሊት መሬት ይቀዘቅዛል፤ የታችኛው አየር ከላይኛው ይልቅ ቀዝቅዞ ይረጋል። ያን ጊዜ ደቃቅ ጠብታዎች አይበተኑም፤ እንደ ጉም ተንሳፍፈው ሩቅ ማሳ ላይ ያርፋሉ። ጭስ ወደ ላይ ሳይወጣ በጎን ተዘርግቶ ካዩ ይጠብቁ። ባለ እርሻው ቢቸኩልም፣ ቀኑን ሙሉ የተከራየ ሠራተኛ ቢቆምም፣ «ዛሬ አይረጭም» የማለት ሥልጣን የአብራሪው ነው። በእኔ ግምት አብራሪ የሚመዘነውም በዚህች ቃል ነው።

በንጹሕ ውኃ ይሞክሩ። ኖዝሎቹ፣ ማለትም ፈሳሹ የሚረጭባቸው ቀዳዳዎች፣ እኩል መርጨታቸውን፣ የክንዶቹ መቆለፊያ መጥበቁን፣ ፕሮፔለሮቹ (ድሮኑን የሚያነሱት ተሽከርካሪ ምላጮች) አለመሰንጠቃቸውን ይመልከቱ።

ከዚያ ያብርሩ። ነፋሱ ከጀርባዎ እንዲመጣ ሆነው ይቁሙ፤ ከሰብሉ በላይ ከ2 እስከ 3 ሜትር ከፍታ ይጠብቁ። ከፍ ባሉ ቁጥር ጠብታው ከማሳው ይወጣል። አካባቢውን የሚቃኝ ረዳት ይኑርዎት፤ ፕሮፔለሮቹ ፈጽመው ሳይቆሙ ማንም አይጠጋ። ትኩስ ባትሪ ሳይበርድ አይሞላም፤ ያበጠውን ደግሞ ከሥራ ያውጡት።

ታንኩን ሦስት ጊዜ ያለቅልቁ። እጣቢውን ኩሬ ወይም ቦይ ውስጥ አይድፉ፤ መመሪያው ከፈቀደ እዚያው የተረጨው ማሳ ላይ ይርጩት። 2,4-ዲ የተባለው ጸረ-አረም ጥቂት ቅሪቱ እንኳ ቲማቲምን ወይም ጥጥን ያጨማድዳል፤ ጥፋቱ የሚታየው ግን እርስዎ ከሄዱ በኋላ ነው። ለዚህም ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የነፋሱን ፍጥነትና አቅጣጫ፣ የኬሚካሉን ስምና መጠን ሳይውሉ ሳያድሩ ይመዝግቡ። ወደ ማሳው መልሶ መግባት የሚቻልበትን ሰዓት ደግሞ ለባለ እርሻው በጽሑፍ ይስጡት፤ በቃል የተነገረው ለሠራተኞቹ ላይደርስ ይችላል።