ለደሴ ብርድ ሞቅ ብሎና አምሮ መልበስ

የደሴ ብርድ ቀኑን ሙሉ አይቆይም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ንጋቱና ማታው አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ትበረታለች፤ ወደ ጦሳ ተራራ ስታዘቀዝቅ ቅዝቃዜው መልሶ ይመጣል። በእነዚህ ወራት ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬት ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት የሚያቅብለት ደመና የለም። ውርጩም ከዚህ ይመጣል። ስለዚህ አንድ ከባድ ካፖርት ገዝቶ መገላገል አያዋጣም፤ ጠዋት ልክ የነበረው ቀትር ላይ ላብ በላብ ያደርጋል። የሚያዋጣው ሦስት ልብስ ደርቦ እንደ ሰዓቱ ማውለቅ ነው።

ከሥር ሰውነት ላይ ልክክ የሚል ካናቴራ ይልበሱ። ጥጥ ይለሰልሳል፣ ግን ላብ ይዞ ይቆያል። ደሴ ደግሞ ዳገቷ ብዙ ነው፤ ሽቅብ ወጥተው ቆም ሲሉ የሚያንቀጠቅጥዎ ጀርባዎ ላይ የቀረው ላብ ነው። በየቀኑ ዳገት የሚወጣ ሰው ስስ የሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ የስፖርት ካናቴራ ቢይዝ ይሻለዋል። ጥጥ ብቻ ካለዎት ዳገቱን ሳይጀምሩ ጃኬቱን ይክፈቱት፣ ላይ ሲደርሱ ይዝጉት።

ከዚያ ሹራብ። እዚህ ላይ ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነው፤ ስስ የሱፍ ሹራብ ከወፍራም አክሪሊክ በላይ ሊያሞቅ ይችላል፣ ከካፖርት ሥርም አያወፍርም። ሱፍ መሆኑን ለማረጋገጥ ሻጩን አስፈቅደው ከውስጥ ስፌቱ አንዲት ክር ይምዘዙና በክብሪት ይለኩሷት። ሱፍ ከሆነች የተቃጠለ ፀጉር ትሸታለች፣ ከእሳቱ ስትርቅ ቶሎ ትጠፋለች፣ የቀረውም በጣት ሲታሽ ዱቄት ይሆናል። አክሪሊክና ፖሊስተር ቀልጠው ጠጣር እንክብል ይተዋሉ። የተቃጠለ ወረቀት ከሸተተ ጥጥ ነው።

ካፖርት ወይም ጃኬት ሲለኩ ሹራቡን እንደለበሱ ይሁን። የትከሻው ስፌት የትከሻ አጥንት ጫፍ ላይ ወይም አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር አልፎ ይረፍ። ክንዶችዎን ወደፊት አጣምረው ራስዎን ይቀፉ፤ ጀርባው ከያዘዎት ጠባብ ነው። እጅዎን ሲዘረጉ እጅጌው አንጓዎን ይሸፍን። ልብስ ሰፊው እጅጌ ያሳጥራል፣ ጎን ያጠባል፤ ትከሻ ማስተካከል ግን እጅጌውንና ገበሩን መፍታት ስለሚጠይቅ ብዙ ያስወጣል። ትከሻው ያልሆነልዎትን ካፖርት ምንም ቢያምር ይተዉት፤ አለባበስ የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚያው ላይ ነው። ልባሽ ከሆነ ዚፑን ደጋግመው ይሳቡ፣ የብብቱን ገበር ገልብጠው ይዩ፣ ክርኑን ወደ ብርሃን ይያዙ፤ ብርሃን ካሳለፈ ጨርቁ አልቋል።

ጋቢን ከዘመናዊ ልብስ ጋር ማስማማት አያስቸግርም። አራት ድርብ ጥጡ የሚያሞቀው በመካከሉ በሚይዘው አየር ነውና ላላ አድርገው ከካፖርቱ በላይ ይደርቡት፣ አጥብቀው አይጠቅልሉት። ነፋስ ግን ያስገባል፤ ባጃጅ ላይ ከጎን የሚመጣውን አይመክትም፣ ስለዚህ ከሥሩ ጥቅጥቅ ያለ ጃኬት ይኑር። ነጠላ ወይም ሂጃብ የሚለብሱ ሴቶች ከሥሩ ስስ የሱፍ ሻርፕ አንገታቸው ላይ ቢጠመጥሙ ሙቀቱን ያገኛሉ፣ ከላይ የሚታየው አለባበስም አይለወጥም። ከረጅም ቀሚስ ሥር ወፍራም ታይት ይበቃል።

እግር ላይ ብዙ ሰው ሁለት ካልሲ ደርቦ ጠባብ ጫማ ውስጥ ያስገባል። ይሄ እግርን ይበልጥ ያቀዘቅዛል፤ ጫማው ሲያጣብቅ ደም እንደ ልብ አይዘዋወርም፣ አየርም አይኖርም። አንድ ወፍራም ካልሲ፣ ጣት የሚያንቀሳቅስ ጫማ፣ ውስጡ ሶል ይሁን። ማታ ሶሉን አውጥተው ጫማው ውስጥ ጋዜጣ ይጠቅጥቁ፤ እርጥበቱን ይመጥጠዋል። የረጠበ ልብስ ወይም ጫማ ለማድረቅ ብለው በር ዘግተው ከሰል አያንድዱ። ጭሱ ባይታይም ጋዙ ይገድላል።

ቀለም ላይ፣ ካፖርቱ ግራጫ ወይም ካኪ ቢሆን ይመረጣል። ወራቱ ደረቅ ስለሆነ አቧራው ጥቁር ላይ ቶሎ ይታያል። ደማቁን ቀለም ለሻርፑ ይተዉት።

ኮምቦልቻ የሚውል ሰው ሌላ ሒሳብ አለው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ከ2,500 ሜትር ገደማ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ያወርዳል፤ በወረዱ በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በለጥ አድርጎ ስለሚጨምር በጥቅሉ አራት ዲግሪ ያህል ይለያያል። ካፖርት ይዞ ከመንከራተት ተጣጥፎ ቦርሳ የሚገባ ስስ ጃኬት በሹራብ ላይ ይሻላል፤ ማታ ሲመለሱ ግን እንዳይለይዎ።

የሱፍ ሹራብ በሙቅ ውሃ ከታጠበና ከታሸ ክሩ እርስ በርሱ ተያይዞ ይኮማተራል፣ መልሶም አይዘረጋም። ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፈው በቀስታ ይጫኑት፣ ሳይጠመዝዙ በፎጣ ጠቅልለው ውሃውን ያስመጥጡ፣ ጥላ ላይ ዘርግተው ያድርቁት። ገመድ ላይ ከሰቀሉት በውሃው ክብደት ይረዝማል። ብርዱ አልፎ ሲያስቀምጡትም ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ ይሁን፤ ብል ላብና ምግብ የነካውን ሱፍ ይመርጣል።