ድንገት «ቢሮ ትፈለጋለህ» ሲባል እንዴት ሳይጨነቁ መሄድ ይቻላል?

አርብ 11 ሰዓት ገደማ ነው። ደሴ ሸዋ በር አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ ትዕዛዝ እየጻፍኩ ስልኬ ጮኸ። ከኮምቦልቻው ቢሮ ነው። «ሰኞ 3 ሰዓት ላይ ቢሮ ትፈለጋለህ።» «እሺ» አልኩ። ተዘጋ። ቢሮ የምሄደው ወር ሲያልቅ ሒሳብ ለማስረከብ ብቻ ነው። ወሩ ግን ገና አልተጋመሰም።

ቅዳሜና እሁድ እንዴት እንዳለፉ አትጠይቁኝ። እናቴ «አብሽር ልጄ» ትላለች። ቡና ሊጠጡ የመጡት ጎረቤታችን ደግሞ «ዘንድሮ እኮ ሠራተኛ እየቀነሱ ነው አሉ» ብለው አረፉት። ሰኞ እስኪደርስ በሐሳቤ ሦስት ጊዜ ተባርሬ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ጥሪ ሁለት ሦስቴ ደርሶኛል። አሁን የማደርገው ይኸውላችሁ።

ስልኩ ሳይዘጋ ጠይቁ

ትልቁ ጥፋቴ «እሺ» ብዬ መዝጋቴ ነው። ብዙዎቻችን አለቃን መጠየቅ ድፍረት ይመስለናል። አይደለም። «እሺ እመጣለሁ፤ ለምን ጉዳይ ይሆን? የምይዘው ነገር አለ?» ማለት በቂ ነው። ሁለተኛዋን ጥያቄ አትርሱ። የደወለችው ጸሐፊ ጉዳዩን ባታውቅ እንኳ ምን ወረቀት ያዝ እንደተባለ ታውቅ ይሆናል። «ፋይዳህን ያዝ» ካለች ነገሩ የፋይል ነው፤ እንቅልፋችሁን ተኙ። «የደረሰኝ ጥራዙን በሙሉ አምጣ» ካለች ደግሞ ምን ላይ መሥራት እንዳለባችሁ አወቃችሁ።

ስልኩ ከተዘጋስ? መልሳችሁ ደውሉ። ካልተነሳ አጭር መልእክት ላኩ። ብዙ የግል ድርጅት ቅዳሜ እስከ 6 ሰዓት ይሠራል፤ ሰኞን መጠበቅ የለባችሁም።

ለአንድ ሰው ብቻ ንገሩ

የሥራ ባልደረባ ከሆነ ደግ ነው፤ «አንተም ተጠርተሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። እሱም ከተጠራ ስብሰባ ወይም የፎርም ነገር የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ከዚያ በላይ አታውሩት። ወሬው ለሰኞ ሳይደርስ ፒያሳን ዞሮ «ተባረረ አሉ» ተብሎ ይመለስባችኋል።

እጃችሁ ላይ ያለውን ቁጠሩ

ጭንቀት ሥራ ሲሰጡት ይቀንሳል። እንደኔ ሽያጭ ላይ ከሆናችሁ የሰበሰባችሁትን ገንዘብ፣ የባንክ ስሊፑን፣ ደረሰኙን አንድ ላይ አድርጉና ደምሩ። ጎደሎ ካገኛችሁ ልክ እንዳገኛችሁት ጻፉት፤ ማታ ተቀምጦ ቁጥር ማስተካከል ትንሹን ስህተት ትልቅ ጥፋት ያደርገዋል። መታወቂያ፣ የቅጥር ውል፣ የትምህርት ማስረጃ ከነኮፒው በአንድ ክላሰር ያዙ። ዘንድሮ ማስረጃ ማጣራት የማያልቅ ሥራ ሆኗል።

ሕጉን ትንሽ እወቁ

ይህ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ ሕግ አለው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት «ባለፈው ሳምንት አርፍጄ ነበር» ብቻውን አያስባርርም። በማርፈድ ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ማርፈድ፣ ያውም በጽሑፍ እየተነገራችሁ፣ ያስፈልጋል። አሠሪው ጥፋቱን ካወቀ 30 የሥራ ቀን ካለፈውም በዚያው ምክንያት ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት አይችልም። ቅነሳም ቢሆን የማስጠንቀቂያ ጊዜ አለው፤ የሙከራ ጊዜ ለጨረሰ ሠራተኛ 2 ወር ነው። በሌላ ምክንያት በማስጠንቀቂያ ሲሰናበት ደግሞ የሙከራ ጊዜ ጨርሶ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ 1 ወር፣ ከዚያ እስከ 9 ዓመት 2 ወር፣ ከ9 ዓመት በላይ 3 ወር።

መንገዱን አትናቁት

ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው። ሚኒባሱ ግን እስኪሞላ ይቆማል፤ መሃል ያለው ሐረጎ ተራራ ላይ ጉም ከወረደ ደግሞ ሾፌሩ ያዘግማል። ለ3 ሰዓት ቀጠሮ እኔ 1 ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ ነኝ። ልብስም አስቡበት። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። በደሴ ጃኬት ቢሮ ከገባችሁ የሙቀቱ ላብ የፍርሃት ይመስልባችኋል። አንድ ጊዜ «አሞሃል እንዴ?» ተብዬ አውቃለሁ።

ቢሮ ስትገቡ

ሰላምታ ስጡ፣ ተቀመጡ፣ ዝም ብላችሁ ስሙ። ሳትጠየቁ «ያ የሐሙሱ ነገር ከሆነ...» ብሎ መጀመር የለም። የሐሙሱን ማንም ላያውቅ ይችላል።

ፈርሙ ከተባላችሁ መጀመሪያ አንብቡ። ደብዳቤ መቀበልና በደብዳቤው መስማማት ለየቅል ናቸው። ማስጠንቀቂያ ከሆነና ካልተስማማችሁ ከፊርማው ጎን «ለመቀበሌ ብቻ» ብላችሁ ጻፉ፤ ኮፒውን ውሰዱ። «በፈቃድህ ልቀቅ፣ ለስምህም ይሻልሃል» የሚል ከመጣ ግን እዚያው አትፈርሙ። በራሳችሁ ጥያቄ ከለቀቃችሁ፣ በተለይ አገልግሎታችሁ ከ5 ዓመት በታች ከሆነ፣ የሥራ ስንብት ክፍያው ሊቀርባችሁ ይችላል። «ቤት ወስጄ ላንብበው» ማለት ነውር አይደለም። ጠበቃ ወይም የሠራተኛ ማኅበር ካለ አሳዩት።

የኔ የመጀመሪያው ጥሪ እንዴት አለቀ? ክላሰሬን ታቅፌ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። የሰው ሀብቷ ልጅ ቀና ብላ አየችኝና አንድ ቅጽ አወጣች። መታወቂያዬ ላይ የአያቴ ስም «ሙሀመድ» ይላል፤ የጡረታ ቅጹ ላይ «መሐመድ» ተብሎ ተጽፏል። እሱን አስተካክሎ መፈረም ብቻ ነው።

«ሁለት ጉርድ ፎቶ ይዘሃል አይደል?» አለችኝ።

ውል አለኝ፣ ዲግሪ አለኝ፣ የሦስት ወር የባንክ ስሊፕ አለኝ። ጉርድ ፎቶ የለኝም። ረቡዕ ተመልሼ ሄድኩ።