ደም ሲሰጥዎ ስምዎን እርስዎ ይናገሩ፦ ለታካሚና ለአስታማሚ

ደም ይሰጥዎታል ሲባል ብዙ ሰው የሚፈራው በሽታ ነው። ከለጋሽ የተወሰደ ደም ግን በደም ባንክ ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ሲ እንዲሁም ለቂጥኝ ይመረመራል። አልጋው አጠገብ የሚያሰጋው ሌላ ነው፤ ለአንዱ የተዘጋጀው ደም ለሌላው መሄዱ። የደም ዓይነቱ ኦ ለሆነ ሰው የኤ ደም ከገባ ሰውነቱ የመጣውን ቀይ የደም ሕዋስ ወዲያው ያፈርሰዋል። ኩላሊት ይጎዳል፣ ነፍስም ሊጠፋ ይችላል።

ወሎ ውስጥ ደግሞ ስም ይገጣጠማል። ደሴም ይሁን ወልዲያ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰይድ መሐመድ ወይም ሁለት ፋጡማ አሊ ቢተኙ ማንም አይገረምም። ስለዚህ ስም እስከ አያት፣ ከዚያም የካርድ ቁጥር።

1. አስቀድመው ይጠይቁ፦ ደሙ ለምን አስፈለገ? ስንት ከረጢት? የብረት መድኃኒት አይበቃም ወይ? ከዚህ በፊት ደም ወስደው ወይም አርግዘው የሚያውቁ ከሆነ፣ ደም ሲወስዱ አሳክኮዎት ወይም አንቀጥቅጦዎት ከነበረ ይናገሩ፤ ላብራቶሪው ይፈልገዋል።

2. ለምርመራ ደም ሲቀዳ። ከባድ ስህተት ሊገባ የሚችለው እዚህም ነው። «እማማ፣ ፋጡማ ነዎት አይደል?» ከተባሉ «አዎ» ብለው አይለፉት፤ ሙሉ ስምዎን ራስዎ ይናገሩ። ስምና ካርድ ቁጥር ቱቦው ላይ የሚጻፈው ደሙ ከተቀዳ በኋላ እዚያው አልጋው አጠገብ ነው። ባዶ ቱቦ ላይ አስቀድሞ መጻፍም፣ ሳይጻፍበት ኪስ ውስጥ ከትቶ መሄድም አይሆንም። «ሲስተር፣ እዚሁ ይጻፉልኝ» ማለት ነውር የለውም። ታካሚው ራሱን ካላወቀ አስታማሚው ይናገርለት።

3. ከረጢቱ ሲመጣ። ሁለት ባለሙያዎች ስሙን፣ ካርድ ቁጥሩን፣ የደም ዓይነቱንና ማብቂያ ቀኑን ከወረቀቱ ጋር ያመሳክራሉ፤ እርስዎም ስምዎን ይድገሙ። አስታማሚ ከረጢቱን እንዲያመጣ ከተላከ በየመንገዱ አይቆይ፤ ደሙ ከማቀዝቀዣ ከወጣ በ30 ደቂቃ ውስጥ መጀመር አለበት። ቀዝቅዟል ብሎ ሙቅ ውኃ ውስጥ መንከር ደሙን ያበላሸዋል። ከረጢቱ ውስጥ መድኃኒት አይጨመርም፣ ግሉኮስም በዚያው መስመር አይሰጥም።

4. እየገባ ሳለ። የመጀመሪያው 15 ደቂቃ ወሳኝ ነው፤ ደሙ በዝግታ ይገባል፣ ነርሷም ትኩሳት፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ትለካለች። ብርድ ብርድ ማለት፣ የወገብ ወይም የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ እጥረት፣ ማሳከክ፣ መርፌው የገባበት ቦታ ማቃጠል፣ የሽንት መጥቆር፦ አንዱ እንኳ ከታየ ወዲያው ነርስ ይጥሩ። እዚህ ላይ አስታማሚ የሚሳሳተው የታወቀ ነው። ታካሚው ሲንቀጠቀጥ «የደሴ ብርድ ነው» ብሎ ጋቢ ይደርብለታል። ጋቢው ይቆይ፤ መጀመሪያ ደሙ ይቁም። ነርሷ መስመሩን ትዘጋለች፤ ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የገባው ቀጭን ቱቦ) አይነቀልም፣ ከረጢቱም አይጣልም፤ ለምርመራ ወደ ላብራቶሪ ይመለሳል። ክንድዎ ከልብስ ውጭ ይሁን፣ እንዲታይ። ደሙ በ4 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ከዚያ ካለፈ ጀርም ሊራባበት ይችላል።

5. ቤት ከገቡ በኋላ። ከቀናት እስከ 2 ሳምንት ድረስ ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ሽንት ከጠቆረ ይመለሱ፤ ደም መውሰድዎንም ይንገሩ። ወደ ደላንታ ወይም ወረኢሉ የሚመለስ ሰው ሲወጣ የደም ዓይነቱንና የወሰደበትን ቀን አጽፎ ቢይዝ፣ የሚያገኘው ጤና ጣቢያ ከባዶ አይጀምርም።