ሌሊት ብቻውን የሚበራው አምፖል

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መብራት መጣ። መምጣቱስ ባልከፋ፤ ግን ሳሎንም መኝታ ቤትም ያሉት፣ በዋይፋይ ከስልክ አፕ የሚታዘዙት ስማርት አምፖሎች በአንዴ ቦግ አሉ። እናቴ «ደግሞ ይሄ ምን ጉድ ነው!» ብላ ተነሳች። በሦስተኛው ሌሊት ነገሩ መረረኝ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት አፑ ላይ የሞላሁትን ሰዓት ነበር። አጠፋሁት፤ ለውጥ የለም። ለካ አምፖሉ ከፋብሪካ ሲወጣ ኃይል ባገኘ ቁጥር እንዲበራ ተደርጎ ነው። የግድግዳውን ማብሪያ ማጥፊያ ሁሌ እንደበራ ስለምንተወው፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ «ብራ» የተባለ ይመስለዋል።

የአምፖሉን ሴቲንግ ከፍቼ፣ ኃይል ሲመለስ ምን ይሁን የሚለውን «ወደነበረበት ይመለስ» አደረግኩት። ጠፍቶ ከነበረ እንደጠፋ ይቆያል። ታዲያ ለእያንዳንዱ አምፖል ለየብቻ ነው የሚደረገው። እኔ አንዱን ረስቼ በማግስቱም እንቅልፍ አጥተናል።

የኮሪደሩ ግን ሌላ አመል ነበረው። መብራት ቶሎ ቶሎ ሄድ መጣ ሲል፣ ከዚያ በኋላ ያለማቋረጥ ብልጭ ድርግም ይላል። ብዙዎቹ ስማርት አምፖሎች በተከታታይ ጥቂት ጊዜ ከጠፉና ከበሩ ዋይፋዩን ረስተው «እንደ አዲስ አገናኙኝ» ይላሉ። ደግሞ አብዛኞቹ የሚይዙት 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን የዋይፋይ ሞገድ ብቻ ስለሆነ፣ ራውተሩ (ዋይፋዩን የሚያሰራጨው) 5 ጊጋኸርዝ ላይ ብቻ ሲሆን አያገኙትም። ሁለት ጊዜ አገናኘሁት። በሦስተኛው ነቅዬ ተራ ኤልኢዲ ሰካሁ። እናቴ ከሁሉም የወደደችው እሱን ነው።