የድሮ ተጎታች ቤት ሶፋ ላይ እንቅልፍ ሲጠፋ፦ ችግርና መፍትሄ

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና 60ዎቹ በተሠሩ የአሜሪካ ተጎታች ቤቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ ጋውቾ የሚሉት ሶፋ አለ። ቀን መቀመጫ ነው፤ ማታ ወደ ፊት ተስቦ አልጋ ይሆናል። አልመች ሲል ሰው ሁሉ የሚሮጠው አዲስ ስፖንጅ ለመግዛት ነው። ቆይ! መጀመሪያ ከስር ያለውን እዩ።

ሌሊቱን ወደ አንድ ጎን ትንሸራተታላችሁ፣ ጠዋት ጭንቅላት ይከብዳል

ሶፋው ላይሆን ይችላል፤ ቤቱ ዘሟል። ወለሉ ላይ ውሃ ልክ አስቀምጡ። የግራና ቀኙን ከመኪናው ሳትፈቱ፣ ዝቅ ባለው ጎማ ስር ጣውላ በማስገባት አስተካክሉ። ከዚያ ጎማው ላይ ታኮ አድርጉና ፍቱት። የፊትና የኋላው በፊተኛው ክሪክ ይስተካከላል። ወጪ የለውም።

መሃሉ ይሰረጉዳል፣ ይንቋቋል

የሶፋውን መቀመጫ ትራሶች አንሱና ከስር ያለውን የእንጨት ርብራብ ተመልከቱ። የጋውቾ ርብራብ እንደ ጣቶች እርስ በርስ የተጠላለፈ ነው፤ ግማሹ ከኋላ ታስሯል፣ ግማሹ ከፊቱ ጋር ይወጣል። አሮጌ እንጨት ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው ቪቴው የገባበት ጋ ነው። አንድ ሰው ይተኛበት፣ እናንተ ከስር በእጅ ባትሪ እያበራችሁ እዩ። የተሰነጠቀውን ጉጥ በሌለው እንጨት ተኩት። ቀዳዳው ከሰፋ ሙጫ የተቀባ ስንጣሪ ጠቅጥቃችሁ፣ ሲደርቅ ቪቴውን መልሱ። መሃል ላይ ታጣፊ እግር መጨመርም ያዋጣል። ሲሳብ የሚያስቸግር ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት አልስልሱና ሻማ እሹበት። ዘይት ግን አታስነኩት፤ ጨርቁን ያበላሻል።

ዳሌና ትከሻ እንጨት ይነካል

አሁን ስፖንጁ ተረኛ ነው። ጉልበታችሁን ትራሱ ላይ አሳርፉ፤ እንጨቱ ከተሰማችሁ አልቆለታል። አዲስ ስትገዙ "ጠንካራ ነው" በሚል ብቻ አትሸወዱ። ዕድሜውን የሚወስነው እፍጋቱ፣ ማለትም ለመጠኑ ያለው ክብደት ነው፤ ጥንካሬው ሌላ ቁጥር ነው። ለየቀኑ መኝታ በኪዩቢክ ጫማ 2.5 ፓውንድ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ፈልጉ። ውፍረቱ 5 ኢንች ያህል ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ቀን ስትቀመጡ እግር ይንጠለጠላል። መደገፊያው ማታ የአልጋው ሌላኛው ግማሽ ስለሆነ ሁለቱ እኩል ውፍረት ይኑራቸው። በመጋጠሚያቸው ያለው ስንጥቅ ጎን ከወጋችሁ፣ ከላይ 2 ኢንች የሚሆን ስስ ፍራሽ ዘርጉ፤ ቀን ተጠቅልሎ ይቀመጣል።

አሮጌው ስፖንጅ እየፈረሰ ከሆነ ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. ከ2005 በፊት በተሠሩት ውስጥ ጤናን የሚጎዳ እሳት መከላከያ ኬሚካል ሊኖር ይችላል። ጭምብል አድርጉ፣ ሳትቆርጡ በፕላስቲክ ከረጢት አውጡት።

ትራሱ ከስር ይረጥባል፣ ይሸታል

እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ መንስኤው ሁለት ነው፣ መፍትሄውም የተለያየ። ከዝናብ በኋላ የሚረጥብ ከሆነ ጣሪያው ወይም የመስኮቱ ዙሪያ ያፈሳል። ግድግዳውን በጠመንጃ መፍቻ ነካ አድርጉ፤ ከለሰለሰ በስብሷል፣ የአልጋው ሥራ ይቆይ። ዝናብ ሳይኖር በብርድ ሌሊት ብቻ የሚረጥብ ከሆነ ግን የራሳችሁ ትንፋሽና ላብ ነው፤ የሞቀው እርጥበት ወርዶ ቀዝቃዛው እንጨት ላይ ውሃ ይሆናል። አንዳንዱ ርብራቡን አውጥቶ ኮምፔንሳቶ ይደፋበታል። እኔ አልወደውም፤ አየር ይዘጋል። የግድ ከሆነ ብዙ ቦታ ብሱት። የጣሪያውን መተንፈሻና አንድ መስኮት በትንሹ ክፈቱ፣ ጠዋት ትራሶቹን አቁሙ። ከሶፋው ስር ማሞቂያ ወይም የቤቱ የኤሌክትሪክ ባትሪ ካለ የአየር ቀዳዳውን በአዲስ ጣውላ እንዳትደፍኑ፤ ይሄ ቀልድ አይደለም።

እግር ይተርፋል

አልጋው ብዙ ጊዜ ከግድግዳ ግድግዳ ስለሚዘረጋ ርዝመቱ የቤቱ ወርድ ነው፤ ረጅም ሰው ቢያንጋድድ ይሻለዋል። የቤት ኩዊን ፍራሽ 60 በ80 ኢንች፣ ለተጎታች ቤት የሚሠራው አጭሩ ኩዊን 60 በ75 ነው። ሁለቱም ላይገቡ ይችላሉ፣ ስለዚህ ሶፋውን ስባችሁ ከዘረጋችሁ በኋላ ለኩና ስፖንጁን በልኩ አስቆርጡ።