የአያት ቢላዋ፦ ይቁረጥ ወይስ ይቀመጥ?

ደህና ቢላዋ ቤት ሲገባ ቤተሰቡ ለሁለት ይከፈላል። ከአያት የተወረሰ ባለቀንድ እጀታ ካራ ሊሆን ይችላል፤ ወይ አጎት ከውጭ ያመጣው ሰንጢ። አንዱ «ቢላዋ የተሠራው ለመቁረጥ ነው» ይላል። ሌላው በጨርቅ ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ይከተዋል። ጭቅጭቁ ብዙ ጊዜ በሁለተኛው አሸናፊነት ያልቃል፤ ማስቀመጥ ምንም የማያስከፍል ስለሚመስል።

ጅማ ላይ ግን ያስከፍላል። እዚህ በዓመት 1,500 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ ይጥላል፤ ከበልግ እስከ መስከረም ብዙም ፋታ አይሰጥም። የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ ሲያልፍ ደግሞ ብረት ቶሎ ይዝጋል። ተጠቅልሎ የተረሳ ቢላዋ፣ በየቀኑ ሽንኩርት ከትፎ ታጥቦ ከሚደርቀው ቀድሞ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ከዋጋው በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ የማስቀመጡን ሥራ የሚሠራ ሰው ቤት ውስጥ አለ?

1. ለጊዜው አትሞርዱት፣ አትወልውሉት

ሞረድ ብረት ይበላል፤ የተበላው አይመለስም። መወልወልም እንደዚያው ነው። አሮጌ ምላጭ ላይ የሚታየው ግራጫ ወይም ጠቆር ያለ ቀለም ቆሻሻ አይደለም። ዕድሜው ነው፣ ብረቱንም በመጠኑ ይከላከልለታል። ሰብሳቢዎች አሮጌ ቢላዋ ሲያዩ መጀመሪያ የሚፈልጉት እሱን ነው። በአሸዋ ወረቀት ታሽቶ እንደ መስታወት የሚያበራ አሮጌ ቢላዋ ግማሽ ዋጋውን እዚያው ጥሏል።

ዝገት ግን ሌላ ነው። ጥጥ ላይ አንድ ጠብታ የስፌት ማሽን ዘይት አድርጉና ምላጩን ቀስ ብላችሁ ጥረጉ። ጥጡ ቀይ ቡናማ ሆኖ ከወጣ ዝገቱ እየሠራ ነው። ጥጡ ንጹህ ሆኖ ምላጩ ብቻ ጠቆር ካለ አትንኩት።

2. ምን እንደሆነ ለዩ

ወደ መስኮት ውሰዱትና ከእጀታው አጠገብ ያለውን የምላጩን ሥር እዩ። «ኢኖክስ» ወይም «ስቴይንለስ» የሚል ጽሑፍ ካለው ክሮም ያለበት፣ ዝገትን የሚቋቋም ብረት ነው። ምንም ጽሑፍ ከሌለውና ምላጩ ግራጫ ነጠብጣብ ካለበት ካርቦን ብረት መሆኑ አይቀርም። ስለቱ ቆንጆ ነው፣ ግን ሎሚ ነክቶት ሳይታጠብ ካደረ ያኮርፋል።

«ሶሊንገን» የሚል ካገኛችሁ የጀርመን ከተማ ነው፤ በቢላዋና በሰይፍ ሥራ የታወቀች። በአገራችን ብዙ የድሮ ጎራዴዎች ምላጫቸው ከአውሮፓ የመጣ፣ እጀታና አፎታቸው እዚሁ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለ ጎራዴ ካገኛችሁ ውሳኔው ቀላል ነው፤ ወጥ ቤት አይገባም።

የስዊስ ሰንጢ ላይ ግን አትጨነቁ። ቪክቶሪኖክስ ከ1884 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነበረ ድርጅት ነው፤ ሰንጢውን ዛሬም በገፍ ይሠራል። ካርቶኑና ወረቀቱ ያልተነካ ልዩ እትም ካልሆነ በስተቀር ኪስ ውስጥ ይግባ። ብርቱካን ይላጥበት።

ሌላው ቀጥቃጭ የሠራው ነው። ዛሬ ገበያ ላይ የምናገኘው አብዛኛው ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ነው። ባሌስትራ ጥሩ ብረት ነው፤ ስለት ይይዛል፣ ቶሎ አይሰበርም። የሠራው ሰው ቢላዋው እንዲያገለግል ነው የቀጠቀጠው። ቁም ሳጥን ውስጥ ለምን ይታሰራል?

እጀታው ቀንድ ይሁን ፕላስቲክ ለማወቅ አንዳንድ ሰው መርፌ አግሎ ይወጋዋል። አታድርጉት። ምልክቱ አይለቅም፤ የድሮ ሴሉሎይድ እጀታ ከሆነም በእሳት ይቀጣጠላል። በስልክ ካሜራ አቅርባችሁ ብታዩት ይበቃል፦ ቀንድ እንደ ፀጉር የቀጠነ ክር ክር መስመር አለው፤ በቅርጽ የፈሰሰ ፕላስቲክ የለውም።

3. አዋቂ ሳያልፍ ጠይቁ

ጅማ ላይ የተገኘ ቢላዋ ጅማ ላይ ተሠራ ማለት አይደለም። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን (1878–1932 እ.ኤ.አ.) ሂርማታ ከየአቅጣጫው ነጋዴ የሚገናኝበት ትልቅ ገበያ ነበር። ካራ ከከፋም ሆነ ከሌላ ቦታ በቡና ወይ በማር ተለውጦ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «አባባ፣ ይሄን ማን ነው የሠራልዎት? ከማን እጅ ነው የመጣው?» ብላችሁ ጠይቁ። ስልካችሁ ላይ ድምፃቸውን ቅረጹ። ቢላዋውን ከማስመሪያ አጠገብ አድርጋችሁ በሁለቱም ጎን ፎቶ አንሱ።

ታሪኩ ካልታወቀ አንድ አሮጌ ቢላዋ አንድ አሮጌ ቢላዋ ነው። ከታወቀ ግን ሊተካ አይችልም። ከተማው ውስጥ ያለውን ሙዚየም ገብቶ የአባ ጅፋርን ዕቃዎች ያየ ሰው ይገባዋል፤ ብዙዎቹ ያለ ባለቤታቸው ስም ተራ የቤት ዕቃ በሆኑ ነበር።

4. ወስኑ

ሌላ እንደሱ ያለ ማግኘት ከቻላችሁና እጀታው ካልተነቃነቀ ተጠቀሙበት። ምላጩ ላይ ጽሑፍ ወይ ጌጥ ካለ፣ ቀንዱ ከተሰነጠቀ፣ አፎቱ ብር ከለበሰ፣ ወይም ቢላዋው ከነካርቶኑ አንዴም ሳይሞረድ ከቆየ አስቀምጡት።

መካከል የሚወድቀው ነው የሚያስቸግረው። ለምሳሌ አያት በየዓመቱ የአረፋ በግ የሚያርዱበት ካራ አለ እንበል። እዚህ ከተማ ብዙ ቤት ውስጥ አለ። እሱን ግድግዳ ላይ መስቀል ለእኔ ግማሽ መቅበር ነው። ምላጩ ጤነኛ ከሆነ በዓመት አንዴ ለዚያው ሥራ ይውጣ፤ ሌላውን ቀን ይረፍ። በዓመት አንዴ በእጅ ቢሳል የሚጎድለው ብረት ከቁጥር አይገባም። ለሽንኩርትና ለጎመን ከገበያ ሌላ ይገዛል።

5. የሚሠራ ከሆነ

መንገድ ዳር ግራይንደር ላይ አታስሞርዱት። ብልጭታው ደስ ይላል፣ ግን ቀጭኑ የስለቱ ጫፍ በሰከንዶች ውስጥ ይግላል። ጫፉ ላይ ሰማያዊ ቀለም ካያችሁ ብረቱ 300 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል ማለት ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ጥንካሬው ለስልሷል። ቢሳልም ወዲያው ይዶለዱማል። ውኃ የጠጣ መሳያ ድንጋይ ላይ በእጅ ሳሉት። ይዘገያል፣ ግን ይበቃል።

ደምና ሎሚ ምላጩ ላይ አይደሩ። በለብታ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ወዲያው ይድረቅ። ባለቀንድ ወይም ባለእንጨት እጀታ ከሳህን ጋር አይዘፍዘፍ፤ ውኃ ጠጥቶ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከዚያ ከፋርማሲ የሚገዛ ፓራፊን ዘይት በስሱ ቀቡት። የምግብ ዘይት አይሆንም፤ ቆይቶ ይሸታል፣ እንደ ሙጫም ይጣበቃል።

6. የሚቀመጥ ከሆነ

ከአፎቱ አውጡት። ብዙ ቤት ውስጥ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቆዳ እርጥበት ይጠጣል፤ ሲለፋ የገባበት አሲድና ጨው ደግሞ ቀስ በቀስ ምላጩን ይበላል። ናስ ያለበት እጀታ ከቆዳ ጋር ተነካክቶ ከቆየ አረንጓዴ ቅባት የመሰለ ነገር ያወጣል። አፎቱ አጠገቡ ለብቻው ይቀመጥ።

ምላጩን በንጹህ ጨርቅ ጥረጉ፤ የጣት ላብ ጨው ስለሆነ ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት። በጣም ስስ ቫዝሊን ቀቡና ታጥቦ በደረቀ አቡጀዲ ጠቅልሉት። ፌስታል አይሆንም፣ እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል። በጎማ ላስቲክም አትጠፍሩት፤ በውስጡ ያለው ድኝ ብርን ያጠቁራል። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚወጡትን «አይበላም» የሚል የተጻፈባቸውን ትናንሽ ከረጢቶች አትጣሉ፤ ሥራቸው እርጥበት መጠጣት ነው፣ ሳጥኑ ውስጥ አስገቧቸው።

ቦታው ላይ፦ ምድጃ አጠገብ አይሁን፣ ቡና በየቀኑ የሚቆላበት ክፍል ግድግዳ ላይም አይሰቀል፤ ጭሱ ይለጠፍበታል። ጣሪያ ሥር ያለ መደርደሪያም አይሆንም፤ ቆርቆሮው ቀን ይግላል፣ ማታ ያላባል። ውስጠኛ ክፍል ያለ መሳቢያ ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ዘመድ «ውጭ ወስጄ ላሳየው» ካለ ቀድማችሁ የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከሀገር አይወጣም። እጀታው የዝሆን ጥርስ ወይም የአውራሪስ ቀንድ ከሆነ ደግሞ ድንበር ማሻገሩ በዓለም አቀፍ ሕግ ጭምር ያስይዛል።

7. በየጊዜው ክፈቱት

በክረምት በወር አንዴ፣ በበጋ በሁለት ወር አንዴ ይበቃል። ጨርቁን ፍቱ፣ ምላጩን በብርሃን እዩ፣ ቫዝሊኑን አድሱ። ቀንድ እጀታ ላይ ትንንሽ ቀዳዳና ደቃቅ ዱቄት ካያችሁ ብል ገብቶበታል፤ ከሌላው ዕቃ ለዩት። ክረምቱ አልፎ አንዴም ካልከፈታችሁት ቢላዋው ወደ ወጥ ቤት ይውጣ፣ ወይም ለሚከፍተው የቤተሰብ ሰው ይሰጥ።