የቪክቶሪያ ዘመን ቅድመ አያት በምን ሞተ? ከመዝገብ እንዴት እንደሚፈለግ

የልጆቼ አባት እንግሊዛዊ ነው። እኔ ሰባት ቤት ሲቆጠር እየሰማሁ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ እሱ ግን ከአያቶቹ በላይ ያሉትን በስም እንኳ አያውቃቸውም ነበር። ልጆቼ የአንድ ወገን ዘር ብቻ ቆጥረው እንዳይቀሩ ብዬ ፍለጋውን ጀመርኩ።

በእንግሊዝና በዌልስ የመንግሥት የሞት ምዝገባ የተጀመረው ጁላይ 1 ቀን 1837 እ.ኤ.አ. ነው፤ ንግሥት ቪክቶሪያ በነገሠች በ11ኛው ቀን። ስኮትላንድ በ1855 የጀመረችው የራሷ መዝገብ አላት።

መጀመሪያ ዓመቱን አጥብቡ። የሕዝብ ቆጠራው በየ10 ዓመቱ ስለሆነ፣ ሰውየው በ1871 ቤቱ ካለና በ1881 ሚስቱ «ባሏ የሞተባት» ተብላ ከተመዘገበች የሞተው በመካከል ነው። ንብረት ትቶ ከሆነ ከ1858 ጀምሮ ያለው የውርስ መዝገብ የሞተበትን ቀን ይነግራችኋል።

ቀጥሎ በመንግሥት መዝገብ ቤቱ (ጄኔራል ሬጂስተር ኦፊስ) ድረ ገጽ የሞት ማውጫውን ፈልጉ፤ መፈለጉ ነፃ ነው። ፍሪ ቢኤምዲ የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ነፃ ማውጫም ጥሩ ነው፣ ግን ዕድሜ የሚያሳየው ከ1866 ወዲህ ነው። ዕድሜ ሳታመሳክሩ የሞት ምስክር ወረቀት አትዘዙ፤ በአንድ ከተማ ሞክሼ ሞልቷል። ስታዙም ፒዲኤፉ ይበቃል፤ ከወረቀቱ ይረክሳል፣ የሞት ምክንያቱም እዚያው አለ።

ከባዱ የሞት ምክንያቱን ማንበብ ነው። የእኛ ሽማግሌዎች «ምች መታው» ሲሉ ስንት ዓይነት በሽታ እንደሚያጠቃልሉ አስቡ። እንግሊዞቹም እንደዚያው ነበሩ። የሐኪም የጽሑፍ ማረጋገጫ ግዴታ የሆነው በ1874ቱ ሕግ ነው፤ ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ የተጻፈው ቤተሰቡ የተናገረው ነው። «ታይሲስ» (አጻጻፉ በ«ፒ» ስለሚጀምር ያሳስታል) የሳምባ ነቀርሳ ነው። «ዲክላይን» የሚለውም ብዙውን ጊዜ እሱው ነው። «አፖፕሌክሲ» በአብዛኛው የዛሬው ስትሮክ ነው። «ታይፈስ» ካያችሁ በአማርኛ «ተስቦ» ብላችሁ እለፉት፤ እነሱም እስከ 1869 ድረስ ታይፈስንና ታይፎይድን አንድ ላይ ነበር የሚቆጥሩት። የሕፃናት ወረቀት ላይ «ጥርስ ማብቀል» እንደ ገዳይ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ጥርስ ሕፃን አይገድልም፤ በዚያ ዕድሜ የመጣ ሌላ በሽታ ነው።

እኔ የተሳሳትኩት እዚሁ ላይ ነው። በአንዲት ቅድመ አያት ወረቀት «ድሮፕሲ፣ 3 ወር» የሚል አገኘሁና ለአማቴ «የልብ በሽታ በዘራችሁ አለ» አልኳቸው። ለሳምንታት እንቅልፍ አጡ። ድሮፕሲ ግን የውሃ እብጠት ነው፤ ከልብም፣ ከኩላሊትም፣ ከጉበትም ሊመጣ የሚችል ምልክት እንጂ ራሱ በሽታ አይደለም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ ወረቀቱ ያለውን ቃል በቃል ገልብጡ፤ ግምታችሁን ለብቻው ጻፉ፤ ለቤተሰብ ስትነግሩም ሁለቱን አትቀላቅሉ።

የአስመዝጋቢውን ዓምድም አትዝለሉ። «በሞቱ ጊዜ የነበረች ልጁ» ይላል እንበል፤ ያቺ ልጅ ምናልባት በቆጠራው ላይ ያጣችኋት ናት።

አስመዝጋቢው «ኮሮነር» (የሞትን ምክንያት የሚመረምር ባለሥልጣን) ከሆነ ሞቱ ድንገተኛ ወይም አጠራጣሪ ነበር ማለት ነው። ምክንያቱም «የእግዚአብሔር ጉብኝት» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ ሌላ ምክንያት ላልተገኘለት ድንገተኛ ሞት የሚሰጥ ብይን ነበር። የኮሮነር መዝገቦች በብዛት ስላልተረፉ ወደ ጋዜጣ ሂዱ። ብሪቲሽ ኒውስፔፐር አርካይቭ የተባለው የድሮ ጋዜጦች ድረ ገጽ ክፍያ ይጠይቃል፤ ከመክፈላችሁ በፊት ግን የሰፈራችሁን ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ፣ ብዙዎቹ በነፃ ያስነብባሉ። ኮምፒውተሩ የድሮውን ኅትመት አሳስቶ ስለሚያነብ በስም ብቻ አትፈልጉ። የመንደሩን ስምና «ኢንክዌስት» (የኮሮነር ምርመራ) የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ አስገቡ፤ ከሞቱ ቀን ጀምሮ ያሉትን ሁለት ሳምንታት ገጽ በገጽ እዩ።